ጡረታ ሲወጡ የት ይኑሩ? የመኖሪያ ቦታ አመራረጥ

ብዙ ሰው የጡረታ ቤቱን የሚመርጠው በስልሳ ዓመት ጉልበቱ ነው። ደረጃ አያደክመውም፣ መኪና ይነዳል፣ የትዳር ጓደኛውም አብሮት አለ። ቤቱ የሚፈተነው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ዓይን ደክሞ መንዳት ሲቀር፣ ከሁለቱም አንዱ ብቻውን ሲቀር። ስለዚህ የትኛውንም ቦታ ሊያዩ ሲሄዱ ሁለት ጥያቄ ይያዙ፦ መንዳት ባቆም እዚህ መኖር እችላለሁ? ብቻዬን ብቀርስ? የሁለቱም መልስ «አይሆንም» ከሆነ ቦታው ምንም ቢያምር ይለፉት።

መጀመሪያ ሂሳቡን ይሥሩ። በየወሩ እርግጠኛ የሆነውን ገቢ ብቻ ይጻፉ፤ ልጆች ይልኩልኛል የሚሉትን አይደምሩ። 72ን ለዓመታዊው የዋጋ ጭማሪ ቢያካፍሉ ዋጋ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ያገኛሉ። ጭማሪው በዓመት 6 በመቶ ከሆነ 12 ዓመት ነው፤ በ65 ዓመትዎ የጀመሩት ኑሮ 77 ሲሞላዎት እጥፍ ይጠይቃል። አበልዎ እኩል የማያድግ ከሆነ፣ ዛሬ ገቢዎን ጥርግ አድርጎ የሚወስድ ቦታ አያዛልቅም። ከወጪ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት የንብረት ግብር፣ የጋራ ሕንፃ ወርሃዊ መዋጮ፣ የጣሪያና የቧንቧ ጥገና፣ ዘመድ ለመጠየቅ የሚወጣ የመንገድ ወጪ ናቸው። የአስታማሚ ደመወዝም አለ፤ ሲመጣ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ሰፊውን ጊዜ ለሕክምናው ይስጡ። «ቅርብ ሆስፒታል አለ» መባሉ አይበቃም፤ ምን ይሠራል፣ መቼ ይሠራል ብለው ይጠይቁ። ስትሮክን፣ ማለትም የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣውን ሕመም፣ ይውሰዱ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የጭንቅላቱ ውስጥ በሲቲ ስካን (በራጅ ምስል በሚያነሳ መሣሪያ) መታየት አለበት፤ ችግሩ የደም መፍሰስ ከሆነ ያው መድኃኒት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ሲቲ ስካኑ ሌሊትና በበዓል ቀን ይሠራል ወይ? አምቡላንስስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል?» ነው። መንገዱን በባዶ ሰዓት ሳይሆን ሰው ወደ ሥራ በሚጎርፍበት ሰዓት ሄደው በሰዓት ይለኩት። የኩላሊት እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱም 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ማዕከሉ የሁለት ሰዓት መንገድ ከራቀ በሳምንት 12 ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል ማለት ነው። በየቀኑ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስም ጽፈው ወደ አካባቢው መድኃኒት ቤት ይግቡና ዓመቱን ሙሉ ይገኙ እንደሆነ ይጠይቁ።

የአየር ንብረት ምርጫም ከጤናዎ ጋር ይታይ። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ይወርዳል፤ የልብ ድካም ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እዚያ ቤት አይግዛ። ሞቃት ቦታም የራሱ ጣጣ አለው። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፣ ላብም ይቀንሳል፤ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ውኃው ቶሎ ያልቅበታል።

ቤቱን ለማየት ሲሄዱ ሜትር አይርሱ። የተለመደ ዊልቸር ከ65 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ በሩ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቃኑን ሲለካ ነው። መዝጊያውን 90 ዲግሪ ይክፈቱና ከመዝጊያው ገጽ እስከ ማዶው መቃን ይለኩ፤ የመዝጊያው ውፍረትና ማጠፊያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበላሉ። ጠባቡ በር ብዙ ጊዜ የመታጠቢያ ቤቱ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ። ውስጡ ዊልቸር ለማዞር 150 ሴንቲ ሜትር በ150 ያስፈልጋል። የመጸዳጃውን ግድግዳ አንኳኩተው ይስሙ፦ ባዶ የሚጮኽ የጂፕሰም ግድግዳ ከኋላው እንጨት ወይም ብረት ካልገባለት የሰው ክብደት የሚሸከም መያዣ አይችልም። ደጃፉ ላይ ሦስት ደረጃ ካለና እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከፍታው 45 ነው፤ የተለመደው የዊልቸር መውጫ ተዳፋት (ራምፕ) ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስለሚጠይቅ 5.4 ሜትር ይፈልጋል። ግቢው ያንን ያህል ቦታ ከሌለው ራምፕ አሠራለሁ ማለት ከንቱ ነው። ሊፍት ያለው ፎቅ ከመረጡ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱንም ያስነሳ እንደሆነ ነዋሪዎቹን ይጠይቁ። ሻጩን አይደለም።

የድሮውን ቤት ሳይሸጡ ተከራይተው ይሞክሩ፤ ቢያንስ ሦስት ወር፣ ያውም አየሩ እጅግ በሚከፋበት ወቅት። በእንግድነት ሳይሆን በነዋሪነት ይቆዩ፦ የውኃና የመብራት ሂሳብ ይክፈሉ፣ ጤና ተቋሙ ተራ ይጠብቁ፣ ሲመሽ በእግርዎ ይውጡ። ቀድሞ የሸጠ ሰው ቦታው ሳይስማማው ሲቀር መመለሻው ይወደድበታል። ልጅ አጠገብ ለመሆን ብቻ የሚደረግ ዝውውርም አደጋ አለው። ልጅ ሥራ ቀይሮ ሊሄድ ይችላል፤ ቦታው ያለ እሱም የሚያኖር መሆን አለበት።

ሲገዙ በንብረቱ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩን ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ። ባለትዳር ከሆኑ ሰነዱ በሁለቱም ስም ይሁን፤ በአንዱ ስም ብቻ ከሆነ የቀረው ሰው በሐዘኑ ላይ የውርስ ጣጣ ይጨመርበታል። ወደ ሌላ አገር የሚዛወሩ ከሆነ የጡረታ አበሉ እዚያ ይከፈል እንደሆነ፣ በምን ገንዘብ እንደሚከፈል፣ የጤና መድኑም ድንበር ይሻገር እንደሆነ ከከፋዩ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ። አንዳንድ ከፋዮች በየጊዜው በሕይወት የመኖር ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ ወረቀቱ ከዘገየ ክፍያው ስለሚቆም የት እንደሚያሠሩት ከመሄድዎ በፊት ይወቁ።