ባለ መስመር ሹራብ ስንሠራ የምናጠፋው የት ላይ ነው?

ለእህቴ ልጅ ቀይና ነጭ መስመር ያለው ሹራብ ሠርቼለት ነበር። ከፊት ሲያዩት ያምራል። ሲገለበጥ ግን ውስጡ ቋጠሮ ብቻ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲታጠብ ብብቱ ጋ አንዱ ቋጠሮ ተፈታና ቀለበቶቹ አንድ በአንድ እየሾለኩ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። ልጁም ሲለብሰው ጎኑን እያከከ «ይበላኛል» ይል ነበር። ተርትሬ እንደ አዲስ ሠራሁት።

ስለዚህ ከቋጠሮው ልጀምር። ብዙዎቻችን ቀለም ስንቀይር የድሮውንና የአዲሱን ክር ጫፍ አሥረን፣ ከሥር ቆርጠን እናልፋለን። እኛ ጋ በብዛት የምንሠራበት አክሪሊክ ክር ደግሞ ያንሸራትታል፣ በመታጠብና በመለጠጥ ብዛት ቋጠሮው ይላላል። ባይፈታ እንኳ ገላ ይቆረቁራል። ከማሠር ይልቅ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጭራ፣ ማለትም ትርፍ የክር ጫፍ ተዉ። ከዚያ ጫፉ ዱልዱም በሆነ ትልቅ መርፌ በጀርባ በኩል የቀለበቶቹን መንገድ ተከትላችሁ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር አስገቡት፣ አንድ ቀለበት ዝለሉና በመጣበት አቅጣጫ መልሱት። ክሩን የሚይዘው ይህ መመለሱ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የገባ ጭራ ልብሱ ሲለጠጥ ሾልኮ ይወጣል። ነጩን ጭራ በነጩ፣ ቀዩን በቀዩ መስመር ውስጥ ደብቁት፤ ነጭ ክር ቀይ ውስጥ ከገባ በፊት በኩል ብቅ ይላል። ስታስገቡም አትሳቡት፣ ቦታው ይጨማደዳል። የተረፈውን ጭራ ሹራቡ አንድ ጊዜ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ቁረጡት፣ ያኔ ክሩ ቦታውን ይዟል።

ትልቁ ስህተት ግን ከዚህም በፊት ነው። በየመስመሩ ክሩን መቁረጥ! አስቡት፣ የሹራቡ ፊት ብቻ 24 መስመር ቢኖረው በየመስመሩ ሁለት ጫፍ፣ በድምሩ 48 ጫፍ ማለት ነው። ጀርባውና እጅጌው ሲጨመር ሰው ሥራውን ጨርሶ ስፌቱ ላይ ቢሰለች አይፈረድበትም። ሁለት ቀለም ብቻ ከሆነ መቁረጥ አያስፈልግም። ያረፈው ክር ከነልቃቂቱ ዳር ላይ ይጠብቃችኋል፤ ተራው ሲደርስ ከሥር አንስታችሁ መቀጠል ነው። ያኔ 48ቱ ጫፍ ወደ 4 ይወርዳል።

ይህ የሚሠራው ግን መስመሩ 2፣ 4 ወይም 6 ዙር ሲሆን ነው (ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር አንድ ጊዜ መሥራት አንድ ዙር ነው)። ሄዳችሁ ስትመለሱ ክሩ የተዋችሁበት ዳር ላይ ታገኙታላችሁ። በ1 ወይም በ3 ዙር ከቀየራችሁ ክሩ በወዲያኛው ጫፍ ይቀራል። የግድ እንደዚያ ካማራችሁ በሁለት በኩል ጫፍ ባለውና በገመድ በተያያዘው መርፌ ሥሩ፤ ሥራውን ወደ ሌላኛው ጫፍ አንሸራታችሁ ክሩ ካለበት ትጀምራላችሁ። መስመሩ ከ4 ዙር በላይ ሲሆን ደግሞ በየ2 ዙሩ ሁለቱን ክሮች ዳር ላይ አንድ ጊዜ አጠላልፏቸው። አለዚያ ረጅም ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ዳር ላይ የሚወጣውን ክር ማጥበቅም ሥራ ያበላሻል። በተሠራው ልክ እየወጣ እንዲሄድ ላላ አድርጉት። ለማየት ቀላል ነው፦ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ ያ ዳር ከመሃሉ አጥሮ ከታየ ጠብቋል። ፊቱ የሚከፈት ሹራብ ከሆነ ቀለሙን በቁልፍ በኩል ሳይሆን በጎን ስፌቱ በኩል ቀይሩት። ስፌቱ ሁሉን ይሸፍነዋል።

ስለ ቀለም አጭር ነገር። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር ከነጭ ጋር ከመደባለቃችሁ በፊት መዳፍ የምታክል ቁራጭ ሥሩና እጠቧት፣ እርጥብ እያለች በነጭ ጨርቅ ተጫኗት። ጨርቁ ከቀላ ሹራቡም ይቀላል። ሁለቱም ክሮች ውፍረታቸው እኩል መሆኑንም ያኔ ታዩታላችሁ።

እጅጌና ወገብ ላይ፣ ያ የሚለጠጠው ክፍል፣ ቀለም ስትቀይሩ በመገናኛው ላይ የድሮው ቀለም ነጠብጣብ ይታያል። መፍትሔው የአዲሱን ቀለም የመጀመሪያ ዙር በፊት በኩል ሙሉውን ለስላሳው ገጽ እንዲመጣ አድርጎ መሥራት ነው፤ ከሚቀጥለው ዙር ወደ ተለመደው ትመለሳላችሁ። መለጠጡ አይቀንስም። በክብ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ መስመሩ የሚገናኝበት ቦታ ደረጃ ይሠራል፤ በአዲሱ ቀለም ሁለተኛው ዙር ላይ የመጀመሪያዋን ቀለበት ሳትሠሩ ወደ ሌላው መርፌ ብቻ አሳልፏት፣ ደረጃው በደንብ ይቀንሳል።

ጫፎቹን ለመጨረሻ ማጠራቀምም ይቅርባችሁ። አንድ እጅጌ ሲያልቅ የእሱን ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው።

የሕፃን ካልሲና ጓንት ላይ ግን በጣም እለምናችኋለሁ። ውስጥ የተንጠለጠለ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል፣ ሕፃኑ ደግሞ ከማልቀስ ሌላ የሚናገርበት የለውም። እዚያ ላይ ያረፈውን ክር ወደሚቀጥለው መስመር አታሻግሩ፣ ሁሉንም ጭራ አስገቡ። ከመስጠታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት፣ ከዚያ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ዙሪያውን ዳብሱ። ጣታችሁን የያዘ ነገር ካለ መርፌውን መልሳችሁ አንሡ።