ምዘናን ለሮስተር ብቻ የሚያደርጉ ስህተቶች

ሮስተሩ (የማርክ መዝገቡ) ሞልቷል፤ የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ ቴስት፣ ሚድ፣ ፋይናል ሁሉም ተጽፏል። ልጁ ግን ባለፈው ወር የተማረውን ዛሬ ሥራ ቢባል እጁ አይፈታም። በጎንደርም ሆነ በአካባቢዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ይህን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የመምህሩ ስንፍና አይደለም። ምዘናው የሚሠራው ማርክ ለመሙላት እንጂ የነገውን ትምህርት ለመወሰን ባለመሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ከዚያ የሚመነጩ ናቸው።

«ገባችሁ?» ብሎ ማለፍ

ከሁሉም የተለመደው ይህ ነው። «ገባችሁ?» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ያልገባው ልጅ 59 ጓደኞቹ እያዩት «እኔ አልገባኝም» እንዲል መጠበቅ ደግሞ ከባድ ነው። በአታ ቤተ ክርስቲያንን በመሰሉ የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከዝማሜ ጋር) ጉባኤዎች በታወቀችው በዚህች ከተማ የአብነት ተማሪ የያዘውን ቀለም ለመምህሩ ለብቻው ያሰማል፤ ካልተስተካከለም ወደሚቀጥለው አይሻገርም። 60 ልጅ በ40 ደቂቃ አንድ በአንድ መስማት አይቻልም፤ ሳይሰሙ አለማለፍን ግን ዘመናዊው ክፍልም ሊይዘው ይገባል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ጥያቄ ከአራት አማራጭ ጋር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። 20 ሴኮንድ በዝምታ ያስባሉ። «አሳዩ» ሲባል ሁሉም በአንዴ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ለሀ አንድ፣ ለለ ሁለት እያለ እስከ አራት። እጅ ወደ ላይ ከተነሣ የኋላው ከፊተኛው ይቀዳል፤ ደረት ላይ ሲሆን ግን የሚያየው መምህሩ ብቻ ነው። ከክፍሉ ሲሶ ያህሉ ከሳተ አዲሱን ርዕስ አትጀምሩ፤ በሌላ ምሳሌ ተመለሱበት።

በቃል ስትጠይቁ ደግሞ ጥያቄው ይቅደም፣ ዝምታ ይከተል፣ ስም በመጨረሻ ይጠራ። ስሙ ቀድሞ ከተጠራ የቀረው ክፍል ማሰቡን ያቆማል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው፤ ወደ 3 ሴኮንድ ሲያደርሱት መልሱ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መመለስ ይጀምራሉ።

ተከታታይ ምዘናን ፈተና ማብዛት ማድረግ

በየሳምንቱ ከ10 የሚታረም ቴስት መስጠት ምዘናውን ተከታታይ አያደርገውም፤ መምህሩን ብቻ ያደክማል። የ60 ልጅ ደብተር ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢወስድ 3 ሰዓት ነው፤ አምስት ሴክሽን ለያዘ መምህር 15 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ወይ ሳይታረም ይቀራል፣ ወይ ልጆች ተለዋውጠው ያርሙትና ማርኩ ብቻ ይመዘገባል።

በምትኩ በክፍለ ጊዜው የመጨረሻ 4 ደቂቃ ሩብ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አሠሩ። ማርክ የለውም። መምህሩ ወረቀቶቹን በሦስት ክምር ይከፍላል፦ የገባቸው፣ ግማሽ የገባቸው፣ ያልገባቸው። ለ60 ወረቀት 10 ደቂቃ ይበቃል። የነገው ትምህርት የመጀመሪያ 5 ደቂቃ ለመሃለኛው ክምር ስህተት ይሆናል፤ የሦስተኛው ክምር ልጆች ብዛት ደግሞ የማጠናከሪያ ትምህርት ያስፈልግ እንደሆነ ይናገራል። ማርክ ስለሌለው ኩረጃም ይቀንሳል።

ከራስ ላይ ፈተና ማውጣት

ቢጋር (ከየርዕሱ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) ሳይሠራ የወጣ ፈተና መምህሩ የሚወደውን ወይም ለማውጣት የሚቀለውን ክፍል ይደጋግማል። ምዕራፉ 12 ክፍለ ጊዜ ከፈጀና ፈተናው 20 ጥያቄ ከሆነ፣ 6 ክፍለ ጊዜ የወሰደው ርዕስ 10 ጥያቄ፣ 3 ክፍለ ጊዜ የወሰደው 5 ጥያቄ ይገባዋል። በሠንጠረዡ ወርድ ላይ ደግሞ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበርና መተንተን ይቀመጣሉ።

የማስታወሱ ዓምድ ሁሌም ይሞላል፤ ባዶ የሚቀረው ሌላው ነው። «የፋሲል ግንብን ማን አሠራው?» የሚለውን የጎንደር ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባም ያውቀዋል። «ከፋሲል በፊት የነበሩት ነገሥታት በአብዛኛው በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ ማድረጋቸው በአካባቢው ገበሬና ነጋዴ ላይ ምን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል? ሁለት ከነምክንያቱ ጻፍ» ሲባል ግን ያሰበውና ያላሰበው ይለያል። ለእያንዳንዱ ለውጥ 1፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት 2 ማርክ ብሎ መስፈርቱን አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የመጀመሪያዎቹ አሥር ወረቀቶች በአንድ ዓይን፣ የመጨረሻዎቹ በደከመ ዓይን ይታረማሉ።

ለመሙያ ብቻ የሚቀመጡ አማራጮች

ይህ ላይ ጊዜ መውሰድ ተገቢ ነው፤ ጥሩ አማራጭ ልጁ ምን ብሎ እንደሳተ ያሳያልና። ½ + ⅓ ስንት ነው? ሀ. ⅖ ለ. 2/6 ሐ. ⅚ መ. ⅕። መልሱ ሐ ነው። ሀን የመረጠ ልጅ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሯል። ለን የመረጠው የጋራ ታችኛ ቁጥር (ታህት) እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ ላይኛዎቹን ቁጥሮች ግን አላስተካከለም። መን የመረጠው ታችኛውን ብቻ ደምሯል። ሦስቱም የሚያስፈልጋቸው ትምህርት የተለያየ ነው፤ ለሁሉም «በድጋሚ አጥኑ» ማለት አይጠቅምም። በ⅖ ምትክ 100 ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ማንም አይመርጠውም፣ መምህሩም ምንም አይማርም።

ሌሎች የሚደጋገሙ ጉድለቶች አሉ፦ ትክክለኛው አማራጭ ሁሌ ረጅሙ መሆኑ፣ «ሁሉም መልስ ነው» የሚለው ሲኖር መልሱ እሱ መሆኑ፣ መልሶቹ ለ እና ሐ ላይ መከማቸታቸው። ልጆች ይህን ቶሎ ይደርሱበታል።

ከታረመ በኋላ ወረቀቶቹን ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ አሰልፉ። ከ60ው ከላይ 16፣ ከታች 16 ውሰዱ። አንድን ጥያቄ ከላይኞቹ 12፣ ከታችኞቹ 5 ካገኙት ልዩነቱ 7 ነው፤ ለ16 ሲካፈል 0.44 ይሆናል፣ ጥያቄው በደንብ ይለያል። ውጤቱ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ጥያቄውን መርምሩት። ከላይኞቹ ይልቅ ከታችኞቹ ብዙ ልጆች ካገኙት ደግሞ የመልስ ቁልፉ ስህተት ነው ወይም አገላለጹ ያሻማል፤ ያ ጥያቄ ሮስተር ሳይገባ መሰረዝ አለበት።

የቡድን ማርክ ለሁሉም እኩል መስጠት

በቡድን ሥራ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ከ10 ማርክ 4ቱን ለቡድኑ ሥራ አድርጉ። 6ቱን ለብቻ ስጡት፤ ቡድኑ ከጨረሰ በኋላ ተመሳሳይ ሆኖ ቁጥሩ የተለወጠ ጥያቄ እያንዳንዱ ለብቻው ይሥራ። የሚያቀርበው ልጅ በዕጣ እንደሚወጣ አስቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ጎበዙ ሌሎቹን ለማስረዳት ይገደዳል።

ከ10 6 ጽፎ መመለስ

ልጁ ቁጥሩን ያያል፣ የጎረቤቱን ያያል፣ ወረቀቱን ያጥፋል። ሩት በትለር በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ልጆች ተሻሽለዋል፤ ማርክና አስተያየት አብረው የተሰጣቸው ግን ያንን መሻሻል አላሳዩም። ለእያንዳንዱ መጻፍ ለማይቻልበት ክፍል የተደጋገሙትን አራት አምስት ስህተቶች ሰሌዳ ላይ በቁጥር ጽፋችሁ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ብቻ አስቀምጡ። ልጁ የራሱን ቁጥር ፈልጎ እዚያው ክፍል ውስጥ ያርማል፣ ካረመ በኋላ ማርኩ ይነገረዋል።

ቀኑን ሳያዩ መፈተን

ከጥር 10 እስከ 12 ከተማዋ በጥምቀት ላይ ናት፤ ከከተራ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ ልጆች ለዝግጅቱ ይሠማራሉ። ጥር 13 የሚሰጥ ቴስት የሚለካው የበዓል ድካምን ነው። ከገጠር ቀበሌ ለሚመላለሱ ልጆች የገበያ ቀንም እንዲሁ ነው። ቴስቱ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ይሰጥ፤ ከበዓሉ ማግስት ያሉት ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ደግሞ በዚያ ቴስት ላይ ብዙዎች የሳቱትን መልሶ ለማስተማር ይዋሉ።