ኢርፎን ስትገዙ ቤዙን ተዉት፣ ማሲንቆውን ስሙ

ደሴ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። ከመጠገኛው ጠረጴዛ ጎን ባለችው የመስታወት ሳጥን ደግሞ ኢርፎን እሸጣለሁ፤ ባለገመዱንም ገመድ አልባውንም። ውድ ዕቃ የለኝም። ተማሪም የቀን ሠራተኛም የሚደፍረው ዓይነት ነው። ስለዚህ የሻጭ ወሬ አውቃለሁ። «ቤዙ ይመታል» ካልን ግማሹ ሽያጭ አለቀ ማለት ነው። ደንበኛው ይሰካል፣ እኛ ሞቅ ያለ የጭፈራ ዘፈን እንከፍትለታለን፣ ጆሮው ድም ድም ይላል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ማታ ቤቱ ገብቶ ትዝታ ሲከፍት ዘፋኙ የት እንደገባ ይጠፋዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርካሽ ኢርፎን ላይ ቤዝ ማብዛት ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ መሃሉን፣ ማለትም በወፍራሙ ቤዝና በቀጭኑ ድምፅ መካከል ያለውን፣ ንጹሕ አድርጎ ማውጣት ነው። የሰው ድምፅ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት ያሉት እዚያው መሃል ላይ ነው። ቤዙ ከመጠን ሲያልፍ መሃሉን ይሸፍነዋል። የእኛ ዘፈን ደግሞ ነፍሱ እዚያ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ የፈለጋችሁትን ቅኝት ውሰዱ። ድምፃዊው ጉሮሮውን ሲያርገበግብ ካልተሰማ ምን ቀረ? ባቲንና አምባሰልን በስም የሰጠ አገር ልጅ ሆኖ በቤዝ ብቻ ኢርፎን መግዛት፣ በበኩሌ ነውር ነው የምለው።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የሚከፍተው ዘፈን የተመረጠው ለእናንተ አይደለም፣ ለኢርፎኑ ነው። እናንተ በቃላችሁ የምታውቁትን፣ የት ጋ ትንፋሽ እንደሚወሰድ ሳይቀር የምታውቁትን ዘፈን ያዙ። ፋይሉ ራሱ ደህና ይሁን። በየሰው እጅ ሲዞር ተጨምቆ ተጨምቆ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የቀረ ኤምፒ3 ይዛችሁ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አትችሉም፤ ሁለቱም ላይ እኩል ይበላሻል። 320 ኪሎቢት ከተገኘ ጥሩ ነው፣ 192ም አይከፋም።

እኔ ስልኬ ላይ ሁልጊዜ የማይጠፉ አሉ። ማሲንቆ ከድምፅ ጋር፣ መንዙማ በድቤና በጭብጨባ፣ ወረብ በከበሮና በጸናጽል፣ የበገና መዝሙር፣ እና ተራ ወሬ። ወሬው ዜናም ሊሆን ይችላል። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ከመስማታችሁ በፊት የስልኩን ኢኳላይዘር፣ ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያበዛውንና የሚቀንሰውን ማስተካከያ፣ አጥፉ። ቀጥሎ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጎማ። ሳጥኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ ይኖራል፤ ብዙ ሰው ግን የተገጠመውን ይዞ ይሄዳል። ኢርፎኑን ጆሯችሁ ውስጥ አድርጋችሁ በጣት ቀስ ብላችሁ ግፉት። ስትገፉት ቤዙ ብቅ ካለ፣ ስትለቁት ከጠፋ፣ ችግሩ የኢርፎኑ ሳይሆን የጎማው ነው። ጎማው ጆሮን ካልዘጋ ቤዝ ያመልጣል። በሌላኛው እጃችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ ብታስገቡት ደህና ይቀመጣል። በነገራችን ላይ፣ ሱቅ ያለው መሞከሪያ የስንት ሰው ጆሮ እንደገባ አላህ ይወቀው፤ ጥረጉት።

ባለገመድ ከሆነ ጃኩ፣ ስልኩ ላይ የሚሰካው ጫፍ፣ ቀጭ ብሎ እስኪገባ ግፉት። ይሄን የምለው ምክንያት አለኝ። አንዳንዱ «ይሄ ኢርፎን ዘፋኙን ይበላዋል» ብሎ ይመልስልኛል። ሙዚቃው አለ፣ ዘፋኙ ግን ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ግራና ቀኝ የሚጋሩት አንድ የጋራ ሽቦ አለ። ጃኩ በደንብ ሳይገባ ሲቀር ወይም ያ ሽቦ ሲላቀቅ፣ ጆሯችን የሚሰማው በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ይሆናል። ዘፋኙ ደግሞ የሚቀረጸው በሁለቱም ላይ እኩል ስለሆነ ይጠፋል። ጃኩ ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶችም ቁጠሩ፤ ሁለት ከሆኑ ማይክ የለውም፣ ሦስት ከሆኑ ባለ ማይክ ነው።

አሁን ዘፋኙን ፈልጉት። ጥሩ ኢርፎን ላይ ድምፁ የሚቀመጠው ጭንቅላታችሁ መሃል ነው። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ ቀያይራችሁ አድርጉት። ማዘንበሉ አብሮ ከተቀየረ ጥፋቱ የኢርፎኑ ነው፤ አትግዙት። እዚያው ከቀረ ግን የእናንተ ጆሮ ነው፣ ምናልባት ኩክ ይዞታል። ድምፁ መሃልም ጎንም አልቀመጥ ብሎ ከተበተነ፣ ቤዙም ከሳሳ፣ የአንዱ ጎን ሽቦ ተገልብጦ ተበይዷል ማለት ነው። ተጠግኖ እንደ አዲስ በሚሸጥ ኢርፎን ላይ ይሄ ያጋጥማል።

ከዚህ በኋላ ነው ጥራት የሚባለው ነገር። ማሲንቆውን ክፈቱ። ማሲንቆ አንድ ክር ናት፣ የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ይፈትጋታል። ያ መፈተግ፣ ደጋኑ ሲመለስ ያለችው ትንሽ ሻካራ ድምፅ መሰማት አለባት። ሻካራዋ ጠፍታ ለስላሳ ብቻ ከሆነ ኢርፎኑ ላይኛውን፣ ቀጭኑን ድምፅ ደብቋል። ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው አብዝቶታል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ለግማሽ ሰዓት እንኳ አትችሉትም።

በገናውን ለታችኛው ድምፅ፣ ለቤዙ ነው የምጠቀምበት። በገና አሥር አውታር አለው፤ ሲደረደር ወፍራሙ ድምፅ ከሥር፣ ነዘር የሚለው ከላይ ሆነው አብረው ይመጣሉ። ሁለቱ ተለይተው ከተሰሙ ቤዙ የእውነት ነው። አንድ ላይ ተቦክቶ «ኡኡኡ» ብቻ ካለ ሻጩ የሚያደንቀው ቤዝ እሱ ነው። ወረቡ ላይ ከበሮውን ስሙት፤ ሰፊው አፍና ጠባቡ አፍ ድምፃቸው አንድ አይደለም። አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ከተደረበበት ኢርፎኑ ቀርፋፋ ነው። ጸናጽሉስ? እያንዳንዷ ቅጭልታ ብቻዋን ትሰማለች ወይስ ሁሉም ተደባልቆ «ሽሽሽ» ሆኗል?

አንድ ሽማግሌ ከሐይቅ በኩል መጥተው ለመንዙማ የሚሆን ፈለጉ። ቤዝ ምናምን አልጠየቁም። ሦስት ዓይነት ሰጠኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንዱን ወዲያው አወጡት። «ልጄ፣ ይሄ ጭብጨባ አይደለም፣ ምጣድ ላይ ያለ ሽምብራ ነው» አሉኝ። ራሴ ሰማሁት፤ ልክ ናቸው። ጭብጨባው መዳፍ የለውም፣ መንጣጣት ብቻ ነው። ሌላኛውን ሲሰሙ ደግሞ መሪው ብሎ ሲያበቃ ተቀባዮቹ ስንት እንደሆኑ ለመለየት ይሞክሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔም ደንበኛውን «ተቀባዮቹ አንድ ሰው ይመስላሉ ወይስ ብዙ?» እላለሁ። ድምፆችን መለየት ማለት ይሄው ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ተራ ወሬው ለሌላ ነገር ነው። የሰው ንግግር ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ጆሮ አይሸወድም። ዜና አንባቢው አፍንጫው የታፈነ ከመሰለ ወይም «ሰ» እና «ሸ» ሲል ካፏጨ፣ ዘፈን ሲከፈት ያ ጉድለት ይደበቃል እንጂ አይጠፋም።

ሁለት ኢርፎን ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ይሄን የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። በተመሳሳይ የስልክ ቮልዩም አንዱ ከሌላው ይጮሃል፤ ጆሮ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለውን «የተሻለ» ይለዋል። የዘፋኙ ድምፅ እኩል እስኪመስላችሁ አስተካክሉና ከዚያ ፍረዱ። ቀጥሎ በጣም ዝቅ አድርጉት። በዝቅተኛ ድምፅ ጆሯችን ቤዝን አሳንሶ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ቤዙ ቢቀንስ አይግረማችሁ። ዘፋኙ የሚለው ቃል ግን መሰማት አለበት። ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ አድርጉት። ቢንጫጫ ወይም ቤዙ ቢርገፈገፍ መልሱት።

ሱቅ ውስጥ የማይታይ ነገር አለ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ስትወርዱ ሞተሩ ይጮሃል፣ ረዳቱ ይጮሃል፣ የሾፌሩ ሙዚቃም ይጮሃል። ሰው በዚህ ላይ ቮልዩም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ለዚህ ነው ጎማው ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ኢርፎን የምመርጠው፤ ውጭው ሲቀንስ ቮልዩም መጨመር አያስፈልግም። መንገድ ለሚሻገር ሰው ግን አንዱን ጆሮ ነጻ ማድረግ ግድ ነው። ገመዱንም ልብሳችሁ ላይ ፈትጉት። ኮሽታው ጆሮ ውስጥ ከገባ በእግር ስትሄዱ እሱኑ ነው የምትሰሙት።

ገመድ አልባው የራሱ ጣጣ አለው። ሙዚቃ ሳይከፈት ጆሯችሁ ውስጥ አድርጉትና ጸጥታውን ስሙ፤ «ስስስ» የሚል ካለ በገና በከፈታችሁ ቁጥር ይረብሻችኋል። ቪዲዮ ከፍታችሁ ከንፈርና ድምፅ መገጠሙን እዩ። ስልኩን የኋላ ኪሳችሁ አድርጋችሁ ዞር ዞር በሉ፣ ይቆራረጥ እንደሆነ። ሙዚቃው ጥሩ ሆኖ ስልክ ሲደወል የድምፁ ጥራት ቢወርድባችሁ ግን ዕቃው አልተበላሸም፤ በብሉቱዝ ማይኩ ሲከፈት ብዙው ኢርፎን ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል። ማይኩን ሱቅ ውስጥ አትሞክሩት። በር ላይ ወጥታችሁ ለአንድ ሰው ደውሉ፤ የደሴ ንፋስ ሐቁን ያወጣዋል።

ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብዙ አትመኑ። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለው የሰው ጆሮ ይሰማዋል የሚባለው ልክ ነው፤ ርካሹም ውዱም ይጽፈዋል። የብሉቱዝ ስሪት ቁጥሩም ከፍ ማለቱ ስለ ድምፁ ጥራት አይናገርም። ከገዛችሁ «ነገ ካልተመቸኝ እቀይራለሁ» ብላችሁ ከሻጩ ጋር ተስማሙ። ጆሮ የሚያደክም ኢርፎን ሱቅ ውስጥ በአምስት ደቂቃ አይታወቅም፣ ማታ ተኝታችሁ ስትሰሙ ነው የሚታወቀው።

ከወራት በኋላ «አንዱ ጎን ቀነሰብኝ» ብለው የሚያመጡልኝ ብዙውን ጊዜ የተበላሸ አይደለም። ጎማውን አውልቁት፤ ወንፊቷ ላይ ኩክ ተጋግሯል። ወንፊቷን ወደ ታች አዙራችሁ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። መርፌ አታስገቡ፣ በአፍም አትንፉ፤ እርጥበት ይገባበታል። ከዚያም ካልተመለሰ ገመዱን ጃኩ ሥር ወዘወዝ አድርጉት። መጥቶ ከሄደ ሽቦው ተቆርጧል። እሱን አምጡት፣ ጃኩን ቆርጬ በአዲስ እቀይረዋለሁ፤ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ዘፋኙ መሃል መመለሱን እዚሁ ቆማችሁ ስሙ።