ልጅዎ የግዞተኛ ታሪክ ፈልግ ከተባለ፦ ከለንደን ችሎት እስከ ሲድኒ

እዚህ አውስትራሊያ ልጆቻችን አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ ከእንግሊዝ በመርከብ ተግዞ ስለመጣ አንድ ሰው ጻፉ ሊባሉ ይችላሉ። ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ገልብጠው እንዲሰጡ አትፍቀዱላቸው። መዝገቡ ራሱ በነጻ ይገኛል። አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1788 እስከ 1868 ብሪታኒያ 162,000 የሚሆኑ ሰዎችን ወደዚህ አግዛለች። ስለዚህ በስም ብቻ አትፈልጉ። "ጆን ስሚዝ" ብትሉ ስፍር ቁጥር የሌለው ጆን ስሚዝ ይመጣላችኋል። ጸሐፊዎቹም ስሙን እንደሰሙት ነው የሚጽፉት። ሰውየውን የሚለየው የመጣበት መርከብና ዓመት ነው። መጀመሪያ እነዚህን ያዙ።

ለንደን የተፈረደበት ከሆነ "ኦልድ ቤይሊ ኦንላይን" የሚባለው ድረ ገጽ ግቡ። ከ1674 እስከ 1913 ያለው የችሎት ዘገባ እዚያ አለ። ለመለማመጃ የሜሪ ዌድን ጉዳይ አውጡ፤ ጥር 1789 ነው። ሜሪና ጓደኛዋ ጄን ኋይቲንግ የአንዲት የ8 ዓመት ልጅ ልብስ ገፈው ወስደዋል ተብለው ቀረቡ። ሜሪ ራሷም ገና ልጅ ናት፣ 11 ዓመት ገደማ። የተወሰደው የ3 ሺሊንግ የጥጥ ቀሚስ፣ የአንገት ልብስና የበፍታ ቆብ ነው። ለዚህ የሞት ፍርድ! በኋላ ቅጣቱ ወደ ግዞት ተለወጠላት። ይህን ከልጅ ጋር ማንበብ ይከብዳል፤ ግን አትዝለሉት።

የዕቃውን ዋጋ ልብ በሉ። ከመኖሪያ ቤት 40 ሺሊንግ የሚያወጣ ዕቃ መስረቅ በሞት ያስቀጣ ነበር። ለዳኝነት የተቀመጡት ተራ ሰዎች (ጁሪው) አንዳንዴ ሆን ብለው 39 ሺሊንግ ይሉታል። ይህን ቁጥር ካያችሁ አንድ ሰው ነፍስ ሊያተርፍ እየሞከረ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ መርከቡ። ሜሪ የመጣችው በሌዲ ጁሊያና ነው፤ ሰኔ 1790 ሲድኒ ደረሰች። በዚያው ወር ተከትለው የገቡት ሌሎቹ የሁለተኛው የግዞተኛ መርከቦች ጓድ መርከቦች ግን ከጫኗቸው 1,000 ገደማ ሰዎች ሩብ ያህሉን መንገድ ላይ ቀብረዋል። ኮንትራክተሮቹ የሚከፈላቸው በሕይወት ባደረሱት ሳይሆን በጫኑት ሰው ልክ ነበር። ከ1815 በኋላ ለሆነ መርከብ የሐኪሙን ማስታወሻ ፈልጉ። ማን ታመመ፣ ምን ተሰጠው፣ ብዙ ጊዜ ተጽፏል።

ሰውየው ታዝማኒያ ከወረደ እድለኞች ናችሁ። "ላይብረሪስ ታዝማኒያ" ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጽፋችሁ የምግባር መዝገቡን ክፈቱ። ቁመቱ፣ የዓይኑ ቀለም፣ ክንዱ ላይ ያለው ንቅሳት ሳይቀር ተመዝግቧል። ያጠፋው ጥፋትና የተገረፈው ግርፋትም ከነቀኑ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ ያደክማል። ቀኖቹን ብቻ አስቀድማችሁ ለቅማችሁ አውጡ፤ ከዚያ ቃላቱ ይፈታሉ። ግን ይህን የጻፉት አሳሪዎቹ መሆናቸውን ለልጁ ንገሩት። የእስረኛው የራሱ ቃል ካለ፣ ብዙ ጊዜ ያለው ችሎቱ ላይ ነው።

መርከቡ መልሕቅ የጣለበት ቦታ የማን አገር እንደነበረም ይጻፍ። ሲድኒ ኮቭ ከሆነ የጋዲጋል ሕዝብ ነው።

ሰውየው ቅጣቱን ጨርሶ ነጻ ከወጣ በኋላ ያለውን "ትሮቭ" የሚባለው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የጋዜጣ ማኅደር ላይ ፈልጉ። ሜሪ በ1859 ስትሞት ከ300 በላይ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና የልጅ ልጅ ልጆች ነበሯት። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድም ከዘሮቿ አንዱ ነው። የጋዜጦቹን ጽሑፍ ያነበበው ማሽን ስለሆነ ፊደል ያሳስታል። ስሙን በሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞክሩ፤ ከመርከቡ ስም ጋርም አጣምሩት። ስህተት ካገኛችሁ እዚያው ማረም ይቻላል።