ያለ አስጎብኚ ከነቤተሰብ ውጭ አገር ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቡድን ጉዞ ዋጋ ውስጥ ዓይን የማያየው ሥራ አለ። በረራ ሲዘገይ ለሆቴሉ የሚደውል፣ ሙዚየሙ በየትኛው ቀን እንደሚዘጋ የሚያውቅ፣ የሁሉንም ፓስፖርት አስቀድሞ ያየ ሰው አለ። ቤተሰብዎን ይዘው በራስዎ ለመሄድ ሲወስኑ ይህ ሁሉ ወደ እርስዎ ይዞራል።

እኔ ልጆች ላሉት ቤተሰብ በራስ መሄድን እመርጣለሁ። ልጅን በአውቶብስ ሰዓት ማስኬድ ከባድ ነው። ሲደክመው ደከመው ነው፣ ሲርበው ራበው ነው። ደስ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ ቶሎ ተነስ ሲባል ይከፋዋል። በራስ መጓዝ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ይሰጣል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህንኑ ጥቅም የሚያሳጡ ናቸው።

የቡድኑን ፕሮግራም ገልብጦ መውሰድ

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ሰው የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ፕሮግራም ያገኛል። በስምንት ቀን ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሚላን። አስጎብኚውን ይቀንስና ቀሪውን እንዳለ ይወስደዋል። ቡድኑ ግን ያን ያህል መሮጥ የቻለው አውቶብሱ ሆቴሉ በር ላይ ስለሚጠብቀው፣ ሻንጣውን ሌላ ሰው ስለሚጭንለት፣ የመግቢያ ትኬቱም ቀድሞ ስለተገዛለት ነው።

ከተማ የመቀየርን ዋጋ በደንብ እንየው። ባቡሩ የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ነው እንበል። ጠዋት ልብስ ይሰበሰባል፣ የጠፋች ካልሲ ትፈለጋለች፣ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ክፍሉ ይለቀቃል። ከዚያ ሻንጣና የልጅ ጋሪ ይዞ ወደ ጣቢያ ነው። ባቡሩ ውስጥ ትንሹ ልጅ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሲወርዱ መቀስቀስ አለበት። አዲሱ ሆቴል ሲደርሱ ደግሞ ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው ይባላሉ። ሁለት ሰዓት የተባለው መንገድ ቀኑን በላው። በስምንት ቀን ውስጥ ይህን ሦስት ጊዜ ማድረግ ከጉዞው ሲሶ የሚሆነውን ለሻንጣ መስጠት ነው።

መፍትሔው ማደሪያን መቀነስ ነው። አንድ ቦታ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ይደሩ፤ ሌላውን ደርሰው እየተመለሱ ይዩት። ከሮም ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከፍሎረንስ ፒሳ ደግሞ በተራው ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ሄዶ መመለስ ይቻላል። በስምንት ቀን ሮምንና ፍሎረንስን ብቻ ያየ ቤተሰብ አራቱን በሩጫ ካለፈው የበለጠ አይቷል ብዬ አምናለሁ።

በቀን ውስጥም እንደዚያው። ጠዋት አንድ ዋና ነገር ይያዙ፣ ከሰዓት በኋላውን ክፍት ይተዉት። የመጀመሪያው ቀን ላይ ደግሞ ምንም አይጫኑ። ብዙ የሰዓት ክልል ተሻግረው ከሆነ፣ በተለይ ወደ ምሥራቅ ከሄዱ፣ የልጆቹ እንቅልፍ ለመስተካከል ቀናት ይፈልጋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቶ ቁርስ የሚጠይቅ ልጅ ይዞ የማለዳ ጉብኝት መግባት ለማንም አይበጅም።

ሰነዱን ሳያዩ ትኬት መግዛት

ቅናሽ አየን ብለው ትኬት ይቆርጣሉ፣ ከዚያ ፓስፖርቱን ያወጣሉ። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው እንዲሆን ይፈልጋሉ። የሸንገን አገሮች፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ የሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች፣ ደግሞ ከግዛታቸው ከሚወጡበት ቀን በኋላ ሦስት ወር እንዲቀረውና ከተሰጠ አሥር ዓመት ያላለፈው እንዲሆን ይጠይቃሉ። ሰው የሚዘነጋው የልጆቹን ነው። በብዙ አገሮች የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው ከአዋቂው ላነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ የራስዎን አይተው ደህና ነን ብለው አይለፉ፣ የእያንዳንዱን ይግለጡ።

የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚገባው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ መጨረሻው 15 ቀን ሲቀረው ነው። በተግባር ግን የቀጠሮ ወረፋው ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል መጨረሻውን መጠበቅ አያዋጣም። የሚያመለክቱት ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት። ለሕፃኑም ቢሆን ለብቻው ማመልከቻ ይሞላለታል። ቪዛው እስኪመጣ ድረስ ሊሰረዝ የሚችል ሆቴል ይያዙ።

ልጅ ከአንድ ወላጅ ወይም ከአያት ጋር የሚሄድ ከሆነ የቀረው ወላጅ የፈረመበት፣ የሚቻል ከሆነ በሕግ ፊት የተረጋገጠ የስምምነት ደብዳቤ ያዘጋጁ። የልጁና የወላጁ ስም በፓስፖርቱ ላይ የማይመሳሰል ከሆነ የልደት የምስክር ወረቀቱን ከነትርጉሙ ይያዙ። የድንበር ሠራተኞች ይህን የሚጠይቁት ልጅ በሕገወጥ መንገድ እንዳይወሰድ ነው። ስለዚህ ሲጠየቁ አይቆጡ፣ ወረቀቱን ያሳዩ።

ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሁለት ትኬት መቀጠል

አንዱን በረራ ከአንድ አየር መንገድ፣ ቀጣዩን ከሌላ መግዛት አንዳንዴ ብዙ ብር ያተርፋል። ችግሩ የመጀመሪያው ሲዘገይ ይመጣል። ሁለቱ በአንድ ትኬት ላይ ካሉ ያመለጠውን በረራ መተካት የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። ለየብቻ ከተገዙ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያውቀው እርስዎ አለመምጣትዎን ብቻ ነው። አራት ወይም አምስት ሰው ሆኖ በዕለቱ ዋጋ አዲስ ትኬት መግዛት የተቆጠበውን ሁሉ ይበላል። ከልጆች ጋር ከሆኑ በአንድ ትኬት ይጓዙ፣ በመካከሉም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይኑር።

ኤርፖርቱንም በስሙ ያረጋግጡ። ኢስታንቡል ሁለት አላት፤ አንዱ በአውሮፓው ወገን፣ ሳቢሃ ጎክቼን የሚባለው ደግሞ በእስያው ወገን ነው። ቶኪዮም ሁለት አላት፤ ናሪታ ከመሀል ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ሃኔዳ ግን ቅርብ ነው። በአንዱ ገብቶ ከሌላው የሚነሳ በረራ ዋጋው ቢያምርም ለቤተሰብ አይሆንም።

አሜሪካ ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቢያርፉም ቪዛ ወይም እንደ ፓስፖርትዎ የኢንተርኔት ፈቃድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ደንብ ለሚያርፉበት አገር ሁሉ ያጣሩ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ በወላጅ ጭን ላይ መሄድ ይችላል፤ ጉዞው ላይ ሳለ ሁለት ዓመት ከሞላው ግን ለመልሱ የራሱ ወንበር ይገዛለታል። በጣም ርካሹ ትኬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንበር አያስመርጥም። ልጅ ከማያውቀው ሰው ጎን እንዳይቀመጥ አስቀድመው ይክፈሉ ወይም ይደውሉ።

ልጆቹን ሳይቆጥሩ ክፍል መያዝ

ፍለጋው ላይ ሁለት አዋቂ ብለው ይሞላሉ፣ ዋጋው ይጥማል፣ ልጆቹን እዛው እናስተኛቸዋለን ይላሉ። ብዙ ሆቴሎች አንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚይዝ የተወሰነ ቁጥር አላቸው። እንግዳ ተቀባይዋ ከቁጥሩ በላይ አላስገባም ብትል ትክክል ናት። የሁሉንም ልጅ ዕድሜ ጭምር ይሙሉ። የሚገናኝ በር ያላቸው ሁለት ክፍሎች ከፈለጉ ደግሞ ሆቴሉ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ። ማስታወሻ ላይ ጽፎ መተው ዋስትና አይሆንም።

ሳምንት ለሚቆይ ቤተሰብ ወጥ ቤትና ልብስ ማጠቢያ ያለው አፓርታማ ይሻላል። አንድ ጥያቄ ግን አይርሱ፦ ሊፍት አለው? በድሮ የአውሮፓ ሕንፃዎች አራተኛ ፎቅ ማለት ጋሪውንም ልጁንም ተሸክሞ መውጣት ሊሆን ይችላል።

ቀኑንም በጥንቃቄ ይዩ። ትኬቱ ላይ ቅዳሜ 00፡30 (በእኛ ከሌሊቱ 6፡30) የሚል መነሻ ካለ ኤርፖርት የሚገኙት ዓርብ ማታ ነው። በዚያ ሰዓት የሚደርሱ ከሆነም የሚያድሩበት ክፍል ከዓርብ ጀምሮ መያዝ አለበት። ለቅዳሜ ከያዙ እስከ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍል የለዎትም።

ትኬቱን እዚያው እንገዛለን ማለት

ቡድን የሚመራ ሰው የመዝጊያ ቀኖችን በቃሉ ያውቃል። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው። እዚያው ያለው ሙዜ ዶርሴና ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ሰኞ ይዘጋሉ። የሕንዱ ታጅ ማሃል ዓርብ ለጎብኚ አይከፈትም። ፓሪስ ሰኞና ማክሰኞን ብቻ የሚያድር ሰው እነዚህን አሳስቶ ካስቀመጠ ሁሉንም በር ዝግ ያገኘዋል።

ሌላው ትኬቱ አስቀድሞ የሚያልቀው ቦታ ነው። አምስተርዳም ያለው የአን ፍራንክ ቤት ትኬት የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ በየማክሰኞው ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ሳምንት ይለቀቃል። ስፔን ውስጥ ግራናዳ ያለው የአልሃምብራ ግቢ ትኬት በስም ይሸጣል፣ መታወቂያ ይታያል፣ በውስጡ ያሉት የናስሪድ ቤተ መንግሥቶችም የመግቢያ ሰዓት ተቆርጦላቸዋል። እንዲህ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች መጀመሪያ ይያዙና ሌላውን በዙሪያቸው ያድርጉ። ሁሉንም ሰዓት አስይዘው ከመጡ ግን እንደገና በቡድን ሰዓት መሄድ ጀመሩ ማለት ነው።

በራስ መጓዝ ማለት አስጎብኚን ጨርሶ መተው አይደለም። እንደ ኮሎሲየም ያለ ቦታ ላይ ልጆችን ማስረዳት የሚያውቅ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ለሁለት ሰዓት መቅጠር ገንዘቡን ያወጣል።

ወቅቱን ለአገሩ በጅምላ ማየት

ታይላንድ መቼ ይዘንባል ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ፉኬት ያለችበት የምዕራቡ ባሕር ዝናቡ በግምት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው፤ በምሥራቁ በኩል ያለችው ኮ ሳሙይ ግን ከባዱ ዝናብ የሚመጣባት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የሚያርፉበትን ከተማ ይጠይቁ። የአገሬውን በዓልም ይመልከቱ። ጃፓን ውስጥ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ባለው የበዓላት ሳምንት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ባቡሩም ሆቴሉም ይሞላል።

መድኃኒትና ኢንሹራንስን ለመጨረሻ ሳምንት ማቆየት

ቤት ውስጥ ያለ ተራ የጉንፋን መድኃኒት ሌላ አገር የተከለከለ ሊሆን ይችላል። ጃፓን አፍንጫ ለመክፈት የሚሰጠው ሱዶኤፌድሪን ከ10 በመቶ በላይ ያለበትን አታስገባም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ላለበት መድኃኒት ቅድመ ፈቃድ ትጠይቃለች። የሚሄዱበትን አገር ደንብ ያንብቡ፤ መድኃኒቱን ከነካርቶኑና ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠየቅበት አገር የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ የምስክር ወረቀቱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ለዚህ አቋራጭ የለውም።

ለሸንገን ቪዛ የሚፈለገው ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን ነው። ይህ ግን ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘብ ይመለሳል ማለት አይደለም። የስረዛ ሽፋን ለብቻው ይጠየቃል፣ ጥቅሙም ቀድሞ ሲገዛ ነው። ልጁ ከመነሻው ሳምንት በፊት ቢታመም የሚረዳዎት አስቀድሞ የተገዛው ነው። አስምም ሆነ ሌላ የቆየ ሕመም ካለ ሳይደብቁ ይጻፉት፤ የተደበቀ ሕመም ክፍያ ለመከልከል ምክንያት ይሆናል።

መኪናና ካርድ

መኪና ሲከራዩ መያዣው የሚታገደው ብዙ ጊዜ በሹፌሩ ስም ባለ ክሬዲት ካርድ ላይ ነው፤ የባል ካርድ ለሚስት መንጃ ፈቃድ አይሠራም። የልጅ መቀመጫ አስቀድመው ያስይዙ። ጃፓን የምትቀበለው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ እ.ኤ.አ. የ1949ኙን የጄኔቫ ስምምነት የተከተለውን ብቻ ነው። በካርድ ሲከፍሉ ማሽኑ በራስዎ አገር ገንዘብ ይሁን ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ በአገሬው ገንዘብ ይበሉ። ያኛው ምንዛሪ ብዙ ጊዜ ያስወድዳል።

ሁሉን ነገር በአንድ ሰውና በአንድ ስልክ ላይ መጫን

ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ያቅዳል፣ ሌላው ይከተላል። ያ ሰው ሲታመም ወይም ስልኩ ሲጠፋ ቤተሰቡ የሆቴሉን ስም እንኳ አያውቅም። ትኬት፣ የሆቴል አድራሻና የፓስፖርት ፎቶ በሁለት ስልክና በወረቀት ላይ ይኑሩ። የሆቴሉ አድራሻ በአገሬው ፊደልም ይጻፍ፣ ለታክሲ ሹፌር ያሳዩታል። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድመው ያውርዱ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም።

ልጆቹም ከዕቅዱ ድርሻ ይኑራቸው። እያንዳንዱ አንድ ቦታ ይምረጥ። የመረጠው የመጫወቻ ሜዳ ቢሆንም ያክብሩለት።

ስለ መጥፋትም ከመነሳትዎ በፊት ይነጋገሩ። ጠዋት ከሆቴል ሲወጡ የለበሱትን ልብስ ፎቶ ያንሷቸው፣ በትንሹ ልጅ ኪስ ስልክ ቁጥርዎን ያስቀምጡ። የባቡር ደንብ ያውጡ፦ በሩ ተዘግቶ ልጁ ጣቢያው ላይ ከቀረ ከቆመበት አይንቀሳቀስ፣ እርስዎ ይመለሳሉ። ባቡሩ ልጁን ብቻውን ይዞት ከሄደ ደግሞ በቀጣዩ ጣቢያ ወርዶ እዚያው ይጠብቅ። ሕፃናቱ እስኪይዙት ድረስ ቤት ውስጥ ደጋግመው ይጠይቋቸው።