የቫይታሚን እንክብሎችን ከመጠን ሳያልፉ ስለ መውሰድ

ቫይታሚን ለሰውነት አስፈላጊ መሆኑ በብዛት ሲወሰድ ይበልጥ ይጠቅማል ማለት አይደለም። አዲስ እንክብል ከመጀመርዎ በፊት አሁን የሚወስዷቸውን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጠው በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን የዕለት መጠን ይደምሩ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚፈጠረው አንዱ ቫይታሚን በሁለትና በሦስት ምርቶች ውስጥ ተደጋግሞ ሲገኝ ነውና።

ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቋቸው የሚገቡት፣ በእኔ እምነት፣ ቫይታሚን ኤ እና ዲ ናቸው። ሁለቱም በስብ የሚሟሙ በመሆናቸው ትርፉ በሽንት በቀላሉ አይወገድም፤ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ አዋቂ በቀን ከ3,000 ማይክሮግራም በላይ ሬቲኖል (አንዱ የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ለረጅም ጊዜ ቢወስድ ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል፤ በእርግዝና ወቅት ደግሞ ፅንሱን ለአካል ጉድለት ስለሚያጋልጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ መወሰድ የለበትም። ቫይታሚን ዲ ያለ ሕክምና ክትትል በቀን ከ4,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት (በማሸጊያ ላይ IU ተብሎ የሚጻፈው መለኪያ) መብለጥ የለበትም፤ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ በማድረግ ማቅለሽለሽን፣ የውኃ ጥምንና የኩላሊት ጠጠርን ያስከትላል።

በውኃ ከሚሟሙት መካከል ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለወራት ሲወሰድ ነርቭን ይጎዳል፤ ስለዚህ እጅዎ ወይም እግርዎ መደንዘዝ ከጀመረ ሳይዘገዩ ሐኪም ያማክሩ። ብረት ያለባቸውን እንክብሎች ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ለሕፃን ሕይወት አስጊ ናቸው።