አንድ ጊጋ ሜሞሪ ባላት ራስበሪ ፓይ ላይ የዋይፋይ ኮንትሮለር ማስኬድ

ባሕር ዳር ውስጥ የፔንሲዮኖችንና የትንንሽ ቢሮዎችን ዋይፋይ እዘረጋለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ያላቸው የዩኒፋይ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ) ነው። ዩኒፋይ ደግሞ መሣሪያዎቹን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ይፈልጋል፤ እኛ ኮንትሮለር እንለዋለን። ሁሌም የሚያከራክረው ይህ ሶፍትዌር የት ይጫን የሚለው ነው።

ሪሴፕሽን ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ ላፕቶፑ ማታ ከሠራተኛው ጋር ቤት ይሄዳል። ክላውድ ላይ ከሆነ በየወሩ በዶላር መክፈል ይመጣል፤ ለአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ፔንሲዮን ይህ አያዋጣም። አምራቹ ራሱ ለዚሁ ሥራ የሚሸጠው ክላውድ ኪይ የሚባል ሣጥን አለ። ጎበዝ ዕቃ ነው፤ እዚህ ግን ማግኘቱም ዋጋውም ይከብዳል። ራስበሪ ፓይ 3 ግን ብዙ ቦታ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣ አገኛታለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ አንድ ጊጋ ሜሞሪ ብቻ ያላት፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠራች ትንሽ ኮምፒውተር ናት።

«አንድ ጊጋ አይበቃውም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስምንት አሥር አክሰስ ፖይንት ላለው ቦታ ይበቃል። ግን ሜሞሪውን አስቀድማችሁ መደልደል አለባችሁ። ካልደለደላችሁት ፕሮግራሞቹ እንደፈለጉ ይሻማሉ፤ ሲያልቅ ደግሞ ሊኑክስ ራሱ አንዱን መርጦ ይገድላል። የሚገደለውም ብዙ ጊዜ ትልቁ ነው፣ ማለትም ኮንትሮለሩ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከአንድ ጊጋው ውስጥ ሲስተሙ በእጃችሁ የሚተውላችሁ 900 ሜጋባይትና ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። ኮንትሮለሩ የተሠራው በጃቫ ነው፤ መረጃውን የሚያስቀምጠው ሞንጎዲቢ (በአጭሩ ሞንጎ) በሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው። ጃቫው ምንም ካልነገራችሁት እስከ 1024 ሜጋባይት ድረስ መውሰድ እንደሚችል ተደርጎ ይመጣል። ይህ ከመላው ሰሌዳ ሜሞሪ ይበልጣል! ሞንጎዲቢ ደግሞ ለካሹ (ቶሎ ለማግኘት ሜሞሪ ላይ ለሚያቆየው መረጃ) እስከ 256 ሜጋባይት ለራሱ ይይዛል። ሁለቱን ስትደምሩ ችግሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስለዚህ እኔ ለጃቫው ሂፕ (ፕሮግራሙ ሲሠራ መረጃውን ለሚይዝበት ሜሞሪ) 384 ሜጋባይት እሰጣለሁ። ጃቫ ከሂፑ ውጭም ለራሱ ሥራ ሜሞሪ ስለሚወስድ ወደ 200 ገደማ ተጨማሪ አስቡለት። ለሞንጎ 256፣ ለሲስተሙ 100 ገደማ። ጠበብ ይላል፣ ግን ይገባል። ለሚተርፈው ጥበት ዜድራም አለ፤ እመለስበታለሁ።

ከመጫናችሁ በፊት፦ የሞንጎ ቨርዥን

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ 64 ቢት የሆነውን ራስበሪ ፓይ ኦኤስ ላይት ጫኑ። ዴስክቶፕ ያለውን አትጫኑ፤ ስክሪን ለሌላት ሰሌዳ ትርፍ ጭነት ነው። 32 ቢቱንም ተዉት፤ ሞንጎ ከ3.4 ጀምሮ 32 ቢትን አይደግፍም።

ቀጥሎ ሞንጎ። ከ5.0 ጀምሮ ያለው ሞንጎ በአርም ፕሮሰሰር (ፓይዎቹ ያላቸው ዓይነት) ላይ ቢያንስ አርምቪ8.2 የሚባለውን ትውልድ ይጠይቃል። ፓይ 3ም ሆነች ፓይ 4 እዚያ አልደረሱም፤ የደረሰችው ፓይ 5 ናት። ከ4.4 ተከታታይ ውስጥ እንኳ 4.4.19 ይህንኑ መጠየቅ ጀመረ። ስለዚህ የእናንተ ቁጥር 4.4.18 ነው። አዲሱን ከጫናችሁ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» የሚል መልእክት አውጥቶ ወዲያው ይሞታል። ሰው ያኔ ሲስተሙ የተጫነበትን ኤስዲ ካርድ ይጠራጠራል፣ ቻርጀሩን ይጠራጠራል። ሰሌዳዋ ግን ጤነኛ ናት፤ ፕሮሰሰሯ የማያውቀው ትእዛዝ መጥቶባት ነው።

ሞንጎ 4.4 ሊብኤስኤስኤል 1.1 የሚባል የምስጠራ ላይብረሪ ይፈልጋል። ራስበሪ ፓይ ኦኤስ የተሠራው በዴቢያን ሊኑክስ ላይ ነው፤ ያ ላይብረሪ ያለው ደግሞ ዴቢያን 11 ቡልስአይ ላይ ነው፤ ዴቢያን 12 ላይ የለም። ስለዚህ የኦኤሱን የቆየውን ቡልስአይ ቨርዥን ምረጡ። የሞንጎውን ፓኬጅ ደግሞ ለኡቡንቱ 20.04 አርም 64 ከተዘጋጀው ውሰዱ። ከጫናችሁ በኋላ በ«አፕት-ማርክ ሆልድ» ቆልፉት። አለዚያ አንድ ቀን ሲስተሙን አፕዴት ስታደርጉ ቁጥሩ ከፍ ይልና ኮንትሮለሩ አልነሳም ይላል።

ይህ ሞንጎ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአምራቹ ድጋፍ የለውም። ዩኒፋይ ሞንጎውን የሚያስነሳው እዚያው ሰሌዳ ውስጥ ብቻ በሚሰማ አድራሻ ስለሆነ በኔትወርኩ ላይ አይታይም። ቢሆንም ይህችን ሰሌዳ ከኢንተርኔት ፊት አታቁሟት። ራውተሩ ላይ ፖርት አትክፈቱላት። ከሩቅ መግባት ካስፈለጋችሁ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ግቡ። በዚህ አልደራደርም።

ጃቫውን «ሄድለስ» የሚለውን፣ ማለትም ያለ ስክሪን የሚሠራውን፣ ጫኑ። ዩኒፋይ ከ7.5 ጀምሮ ጃቫ 17 ይፈልጋል፣ ቡልስአይ ላይም አለ። ወደ አዲስ ቨርዥን ስትሻገሩ የትኛውን ጃቫ እንደሚጠይቅ ማስታወቂያውን ሳታነቡ አትጫኑ።

ሌላም ነገር፦ ዩኒፋይ የራሱን ሞንጎ ራሱ ነው የሚያስነሳው። ከፓኬጁ ጋር የመጣው የሞንጎ ሰርቪስ ለብቻው ተነስቶ ካገኛችሁት አስቁሙትና እንዳይነሳ ዝጉት። ሁለት ሞንጎ ለማስተናገድ ቦታ የለንም።

ድልድሉን ማስገባት

ኮንትሮለሩን ጫኑት፣ አንዴ አስነሱትና እስኪረጋጋ ጠብቁ። ፓይ 3 ላይ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ «በመነሳት ላይ» የሚለው ገጽ ቢቆይባችሁ አትነቅሉ። ከዚያ አስቁሙት። «ቫር» ውስጥ «ሊብ»፣ «ሊብ» ውስጥ «ዩኒፋይ» የሚል ፎልደር አለ። እዚያ «ሲስተም ዶት ፕሮፐርቲስ» የተባለውን ፋይል ክፈቱ። መጨረሻው ላይ «ዩኒፋይ ዶት ኤክስኤምኤክስ» እኩል ይሆናል 384 ብላችሁ ጨምሩ። ኤም ፊደል አያስፈልገውም፣ ቁጥሩ በሜጋባይት ነው። አስቀምጡ፣ መልሳችሁ አስነሱ።

ስክሪን ስለሌላት ለግራፊክስ የተያዘውንም ሜሞሪ ቀንሱት። ቡት ፓርቲሽኑ ላይ ባለው «ኮንፊግ ዶት ቲኤክስቲ» ውስጥ ጂፒዩ ሜሞሪን 16 አድርጉት። ትንሽ ትመስላለች፤ እዚህ ቤት ግን እያንዳንዷ ሜጋ ትቆጠራለች።

አሁን ዜድራም። ዜድራም የሜሞሪውን የተወሰነ ክፍል ወስዶ፣ እምብዛም የማይነካውን መረጃ ጨምቆ እዚያው ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጣል። ካርድ ላይ ከሚጻፍ ስዋፕ (ሜሞሪ ሲሞላ መረጃ የሚዛወርበት ቦታ) እጅግ ይፈጥናል፣ ካርዱንም አይበላም። «ዜድራም-ቱልስ» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። መጠኑን 50 ፐርሰንት፣ የመጨመቂያውን ዘዴ ኤልዜድ4 አድርጉት። ከዚያ ካርዱ ላይ ያለውን የድሮ ስዋፕ ፋይል አጥፉት። ሲስተሙ ዜድራሙን ሳይፈራ እንዲጠቀም ስዋፒነስን (ወደ ስዋፕ የማዛወር ዝንባሌውን የሚወስነውን ቁጥር) ከ60 ወደ 100 ከፍ አድርጉ።

ይህን ሁሉ ጨርሳችሁ «ፍሪ ዳሽ ኤም» ብላችሁ ጻፉ። የምታዩት «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ ነው፤ «ፍሪ» የሚለው ሁሌም ትንሽ ስለሆነ አያስደንግጣችሁ። አንድ ቀን ሙሉ ሲሠራ ቆይቶ አቬይለብሉ 100 አካባቢ ከቆመ ሰላም ነው። ከከርነሉ መልእክቶች ውስጥ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል ካገኛችሁ ግን አጠገቡ የማን ስም እንዳለ ተመልከቱ። ጃቫ ከሆነ ሂፑን ወደ 320 አውርዱትና፣ ከኮንትሮለሩ ሴቲንግ ውስጥ የስታቲስቲክስ መረጃ የሚቆይበትን ጊዜ አሳጥሩ። የፔንሲዮን ባለቤት ያምና ኅዳርን የዋይፋይ ትራፊክ አትጠይቃችሁም። «ልጄ፣ የሁለተኛ ፎቁ ለምን አይሠራም?» ነው የምትላችሁ፤ ለዚያ የትናንትናው ይበቃል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

እዚህ አገር ከሜሞሪ ቀጥሎ የዚች ሰሌዳ ጠላት መብራት ነው። ለራውተር ከሚሸጡት ትንንሽ ዩፒኤሶች (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆዩ) ውስጥ የ5 ቮልት መውጫ ያላቸው አሉ፤ ስትገዙ ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን አምፒር አንብቡ። ፓይ 3 የሚመከርላት 2.5 አምፒር ነው። የስልክ ቻርጀር ላይ የተሰካች ሰሌዳ ደህና መስላ ትሠራና ጃቫው ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርድባታል። ማረጋገጫው «ቪሲጄንሲኤምዲ» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ «ጌት ትሮትልድ» ብላችሁ ጠይቁት። ዜሮ ኤክስ ዜሮ ካለ ጥሩ። ሌላ ቁጥር ካወጣ፣ መጀመሪያ ቻርጀሩንና ኬብሉን ቀይሩ።

ፓይ 3 የራሷ ሰዓትም የላትም። መብራት መጥቶ ኢንተርኔቱ ገና ካልመጣ ሰሌዳዋ ስትጠፋ በነበረው ሰዓት ትነሳለች፤ የኮንትሮለሩ መዝገብም ይዘበራረቃል። ዲኤስ3231 የምትባል ባለ ባትሪ የሰዓት ቁራጭ ፒኖቹ ላይ ሰክታችሁ ሲስተሙ እንዲያውቃት ስታደርጉ ይህ ያበቃል። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ እኔ ሳላስገባ የማስረክባት ሰሌዳ የለችም።

ለባለቤቶቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ሰሌዳዋ ብትጠፋም ዋይፋዩ አይጠፋም። አክሰስ ፖይንቶቹ የተነገራቸውን ይዘው ይቀጥላሉ። የሚቆመው ስታቲስቲክሱና ማስተካከያው ነው። እንግዳ በቫውቸር (በሚሰጠው የመግቢያ ኮድ) የሚገባበት ገጽ ካለ ግን እሱ ከኮንትሮለሩ ጋር አብሮ ይቆማል። በቫውቸር ለሚሠራ ቤት ዩፒኤሱ ግዴታ ነው።

የመጨረሻው ባክአፕ ነው። ከሴቲንጉ ሳምንታዊ አውቶ ባክአፕ አብሩ። ፋይሎቹ እዚያው ዩኒፋይ ፎልደር ውስጥ «ባክአፕ» በሚለው ሥር ይቀመጣሉ፤ ካርዱ ሲሞት አብረው ስለሚሞቱ ወደ ሌላ ማሽን ቅዷቸው። ራውተሩ ላይ ለሰሌዳዋ ቋሚ አይፒ ያዙላት። ካርዱ ከተበላሸ በአዲስ ካርድ ላይ ያንኑ ወይም የበለጠ ቨርዥን ትጭናላችሁ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሪስቶር» ትመርጣላችሁ። አይፒው ያው ከሆነ አክሰስ ፖይንቶቹ ራሳቸው ተመልሰው ይገናኛሉ። ከተቀየረ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ትእዛዝ መስጫ) ወደ እያንዳንዳቸው ገብታችሁ በ«ሴት ኢንፎርም» አዲሱን አድራሻ፣ ከፖርት 8080 ጋር፣ መንገር ይኖርባችኋል።